አጥቂ የሚመረጠው በሚደርሰው ኳስ ነው

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው አየርላንድ ደቡብ ውስጥ የሚኖር ኢትዮጵያዊ አባት ነው። ልጁ የሚጫወትበት የሰፈር ክለብ የታዳጊዎች ሃርሊንግ ቡድን ለካውንቲው (እንደ አውራጃ ነው) ፍጻሜ ደርሷል። ዋናው አሰልጣኝ ደግሞ እሱን ከመራጮቹ፣ አሰላለፉን አብረውት ከሚመርጡት ሰዎች፣ አንዱ አድርጎታል። «እግር ኳስ አውቃለሁ፣ ልጅ ሆኜም የገና ጨዋታ ተጫውቻለሁ፣ ሃርሊንግ ግን ገና አራት ዓመቴ ነው» ይላል። ሁለት ነገር ይጠይቃል። ግማሽ ፍጻሜው ላይ 2 ጎል ያገባው የመሃል አጥቂያቸው የጭኑን የኋላ ጡንቻ ተጎድቷል፤ ይሰለፍ ወይስ ተቀያሪ ይሁን? ተጋጣሚያቸው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ተከላካይ ከኋላ ያስቀምጣል፤ እንዴት ነው የሚጠቃው?

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ። እዚህ አገር ሰው የሰፈሩን ክለብ በቀላሉ ለማንም አይሰጥም። መራጭ ካደረጉህ አምነውሃል ማለት ነው።

ሁለቱን ጥያቄ ለየብቻ ነው የጠየቅከው። ለእኔ ግን አንድ ጥያቄ ናቸው። ማን ይሰለፍ የሚለው የሚመለሰው ኳሷ አጥቂዎቹ ጋ እንዴት ትደርሳለች የሚለው ከተመለሰ በኋላ ነው። ብዙ መራጮች ይህን ይገለብጡታል። ማታ ተቀምጠው ምርጥ የሚሏቸውን ስድስት አጥቂዎች ወረቀት ላይ ያሰፍራሉ። እሁድ ሜዳ ዳር ቆመው ደግሞ «ኳሱን ስጡት እንጂ!» እያሉ ይጮኻሉ። በምን መንገድ እንደሚሰጠው ግን ማንም አላሰበበትም።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች ትንሽ ላስረዳ። ሃርሊንግ በአንድ ወገን 15 ሰው ነው። አንድ በረኛ፣ በሁለት መስመር ስድስት ተከላካይ፣ ሁለት አማካይ፣ በሁለት መስመር ስድስት አጥቂ። ሃርሊ በሚባለው የአሽ ዛፍ ዱላ ነው ኳሷ የምትመታው። ኳሷን ስሊተር ይሏታል። ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ ከገባች ጎል ነው፤ 3 ነጥብ ያስገኛል። ከአግዳሚው በላይ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ካለፈች 1 ነጥብ ነው። ስለዚህ 1-18 የሚል ውጤት ስታዩ 1 ጎልና 18 ነጥብ ማለት ነው፤ ሲደመር 21።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ። ቁርጡን ልንገርህ። ሙሉ በሙሉ ካልዳነ ከመጀመሪያው አታሰልፉት።

የኪልኬኒ ካውንቲው ሄንሪ ሼፍሊን በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ የሚበልጥ አጥቂ ነው ቢባል ብዙ ሰው አይከራከርም። በፈረንጆቹ 2010 ኪልኬኒ አምስተኛ ተከታታይ የመላ አየርላንድ የካውንቲዎች ዋንጫ ሊወስድ አንድ ጨዋታ ቀረው። ሼፍሊን ግን ግማሽ ፍጻሜው ላይ የጉልበቱን ጅማት ተጎዳ። ፍጻሜው እስኪደርስ የአገሩ ሁሉ ወሬ የሱ ጉልበት ሆነ። ይድናል፣ አይድንም፣ ልምምድ ላይ ሲሮጥ ታየ... አሰልጣኙ ብራያን ኮዲ በመጨረሻ አሰለፈው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እያነከሰ ወጣ። ቲፐራሪ 4-17 ለ 1-18 አሸነፈ፤ ላር ኮርቤት ብቻውን 3 ጎል አገባ። ኪልኬኒ የተሸነፈው በሼፍሊን መውጣት ብቻ ነው አልልም፤ ቲፐራሪ በዚያን ቀን ድንቅ ነበር። ግን አስበው። አራት ሳምንት ሙሉ የቡድኑ ሐሳብ አንድ ጉልበት ላይ ተንጠልጥሎ ከርሞ፣ ጨዋታው ገና ሳይሞቅ ያ ሁሉ ዕቅድ ተቀዳደደ።

ይህ ስህተት በእኔም እጅ ደርሷል። ከዓመታት በፊት አንድ የታዳጊዎች ቡድን ሳሰለጥን የተጎዳ ልጅ ፍጻሜ ላይ አሰለፍኩ። «ደህና ነኝ» አለኝ። ምን ይበል? የልጅ አፍ ከፍጻሜ በፊት ሌላ መልስ የለውም። በ11ኛው ደቂቃ መሬት ላይ ያለችውን ኳስ ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ሲዘረጋ ቀጥ ብሎ ቀረ። ደግፈን አወጣነው። ቀሪውን ጨዋታ ሙሉ አግዳሚ ወንበሩ ጥግ ላይ ሄልሜቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ከፊቱ መከለያ ጀርባ እያለቀሰ ነበር። ጓደኞቹም እያዩት ነበር የሚጫወቱት። ያንን ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያ መጎንበስ ነው ቁልፉ። የጭን የኋላ ጡንቻ ተጎድቶ ቀጥታ መሮጥ ይቻላል። ሶምሶማ ሲሮጥ አይታችሁ እንዳትታለሉ። ሃርሊንግ ውስጥ ጡንቻው የሚፈተነው በሙሉ ፍጥነት እየሮጡ ዝቅ ብሎ ኳሷን በሃርሊው ጫፍ ማንሳት ላይ ነው። ጀርባው ይጎብጣል፣ የፊት እግር ይዘረጋል፣ ጡንቻው እንደ ክር ይወጠራል። ስለዚህ መጀመሪያ የፊዚዮው ቃል ይቅደም። እሱ አይሆንም ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ተቀያሪም አይሁን። ልጅ ነው፣ ገና ብዙ ዓመት ይጫወታል። ይሆናል ካለ ደግሞ በሙሉ ፍጥነት እየሮጠ አሥር ኳስ ከመሬት ያንሳ፣ ተከላካይ ከጎኑ እየገፋው ይዙር። አንዷን እንኳ ሲያነሳ ፊቱ ከተቋጠረ መልሱን አገኛችሁ።

ታዲያ ቦታውን ማን ይያዝ? እዚህ ላይ ነው ብዙው ቡድን የሚሳሳተው። ልጁ ረጅም ከሆነና እስካሁን ከፍ ያለ ኳስ ስትልኩለት ከነበረ፣ እሱን አውጥታችሁ አጭርና ፈጣን ልጅ አስገብታችሁ ያንኑ ከፍ ያለ ኳስ ከላካችሁ ሁለት ጊዜ ተሸነፋችሁ ማለት ነው። ሰው ከቀየራችሁ ኳሱንም ቀይሩ።

ክሌር በ2013 ከኮርክ ጋር ፍጻሜውን አቻ ወጣ። ለድጋሚው ጨዋታ አሰልጣኙ ዴቪ ፊትዝጀራልድ ሼን ኦዶኔል የሚባል የ19 ዓመት ልጅ አሰለፈ። ልጁ ራሱ እንደሚሰለፍ የሰማው ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ነው። ቀድሞ ቢሰማ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ባልወሰደው ነበር። ገባና 3 ጎልና 3 ነጥብ አስቆጠረ። ክሌር 5-16 ለ 3-16 አሸነፈ። ሰው ሁሉ ይህን እንደ ተአምር ነው የሚያወራው። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነው። ክሌር በአጭር ቅብብል ኳሷን ከኋላ እያወጣ፣ ከጎሉ ፊት ሰፊ ቦታ ትቶ የሚጫወት ቡድን ነበር። እንደዚያ ዓይነት ኳስ ለሚደርሰው አጥቂ ቁመት ብዙ አያስፈልገውም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት እርምጃዎች ናቸው የሚያስፈልጉት። ኦዶኔል ደግሞ እነሱ ነበሩት።

ስለዚህ የአንተ ቡድን ውስጥ ግማሽ ፍጻሜው ላይ ማን ስንት አገባ የሚለውን ለጊዜው ተወው። ለዚህ ተጋጣሚ የትኛዋን ኳስ ነው የምንልከው? ያቺን ኳስ በልምምድ ማን ነው የሚወስዳት? እሱ ይሰለፍ።

አሁን ተጨማሪው ተከላካይ። እዚህ ስዊፐር ነው የሚሉት።

ኮርክ አካባቢ ከሆንክ የ2025ቱን ፍጻሜ ማስታወስ አትፈልግ ይሆናል። ግን ከዚያ የተሻለ ትምህርት የለም። ኮርክ ግማሽ ፍጻሜው ላይ ደብሊንን 7-26 ለ 2-21 ቀጥቅጦ ነው የመጣው። 7 ጎል! በፍጻሜው ቲፐራሪ ብራያን ኦማራን ከተከላካዮቹ ፊት ነጻ አድርጎ አቆመው። ያም ሆኖ ኮርክ ለዕረፍት ሲወጣ 1-16 ለ 0-13፣ በ6 ነጥብ ይመራ ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ ያስቆጠረው ስንት ነው? 2 ነጥብ። በ35 ደቂቃ 2 ነጥብ ብቻ። ቲፐራሪ በዚያው ጊዜ 3-14 አገባና 3-27 ለ 1-18 አሸነፈ። ኮርክ ፍጹም ቅጣት ምት አምክኗል፣ አንድ ተከላካዩም በቀይ ወጥቶበታል፤ ሁሉንም በስዊፐሩ ማሳበብ አይቻልም። ግን ያን አጋማሽ እንደገና ብታየው ኳሷ ከሩቅ ከፍ ብላ ትመጣለች፣ የቲፐራሪ ልጆች ይወስዷታል፣ ደግሞ ትመጣለች፣ ደግሞ ይወስዷታል። ፊት ለፊት የቆመ ነጻ ሰው በጣም የሚወደው ያቺን ኳስ ነው። ስትነሳ ያያታል፣ የምትወድቅበት ቦታ ቀድሞ ይደርሳል፣ አጥቂው ግን ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚጠብቃት።

አንድ ነገር እንዳትረሳ። ያ ተጨማሪ ተከላካይ ከሰማይ አልወረደም። እነሱም 15 ናቸው። ወይ ከአጥቂዎቻቸው ወይ ከአማካዮቻቸው አንዱን ጎትተው ነው ወደ ኋላ ያመጡት። ስለዚህ ከእናንተ ልጆች አንዱ ነጻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከተከላካዮቻችሁ አንዱ። የመጀመሪያ ሥራችሁ እሱን መምረጥ ነው። በዕድል የሚተው ነገር አይደለም። ተጋጣሚ እንዲመርጥላችሁ ከፈቀዳችሁ ኳስ አመታቱ ደካማ የሆነውን ልጅ ነጻ ይተዉላችኋል። እናንተ ግን ጥሩ ዓይን ያለውን፣ ሲይዛት የማይደነግጠውን ልጅ ነጻ እንዲሆን አድርጉ። ሁለት ተከላካዮች ቦታ ቢለዋወጡ ይበቃል።

ይህ ምርጫ ዋጋ የሚያወጣው በረኛው ኳሷን ሲያስጀምር ነው። ፓክ-አውት ይሉታል። ሰው እንደ እግር ኳስ የመልስ ምት ያየዋል፤ በጣም ይለያል። የ2024ቱን ፍጻሜ እንውሰድ። ክሌር 3-29፣ ኮርክ 1-34፣ በተጨማሪ ሰዓት። ጎሉንና ነጥቡን አንድ ላይ ብትቆጥር 67 ጊዜ ተቆጥሯል። ከእያንዳንዱ በኋላ አንዱ በረኛ ኳሷን ያስጀምራል። የሳቱት ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። በአንድ ጨዋታ ይህን ያህል ጊዜ ኳሷን ቆም ብሎ፣ አስቦ፣ ለፈለጉት ሰው የመስጠት ዕድል አለ። እና ስንት የታዳጊ ቡድን ነው በረኛው ዝም ብሎ ወደ ሰማይ የሚጠልዛት!

ነጻው ተከላካይ ኳሷን ሲቀበል ወዲያው አይምታት። በሃርሊው ላይ እያነጠረ ወደፊት ይሩጥ። አንድ ሰው እስኪመጣበት ይሂድ። የመጣው ሰው የሆነ ልጅ ትቶ ነው የሚመጣው፤ ኳሷ በእጅ ቅብብል ለዚያ ለተተወው ልጅ ትድረስ። እሱ ደግሞ ከተጋጣሚው ጎል 60 ሜትር ገደማ ላይ ቀና ብሎ ያያል። አሁን ኳሷ ወደ ፊት የምትሄደው ከ100 ሜትር በጭፍን ሳይሆን ከ60 ሜትር በዓይን ነው። ለስዊፐሩ ትልቅ ልዩነት አለው። ከሩቅ የተመታች ኳስ ለመድረስ ጊዜ ይኖረዋል፤ ከቅርብ የተመታችው ግን ትቀድመዋለች።

እዚያ ደርሶ ደግሞ መጀመሪያ የሚያስበው ነጥብ ማግባትን ይሁን። ይህን ልጆቹ ጆሮ ላይ ደጋግማችሁ አስቀምጡት። ከጎሉ ፊት የቆመ ተጨማሪ ሰው ከ50 ሜትር ተመትታ ከአግዳሚው በላይ የምታልፍ ኳስን ምንም አያደርጋትም። ከላዩ ነው የምታልፈው። ሊምሪክ በ2020 ዋተርፎርድን በፍጻሜ 0-30 ለ 0-19 አሸነፈ። በ2023 ኪልኬኒን 0-30 ለ 2-15። ሁለት የዋንጫ ጨዋታ፣ 60 ነጥብ፣ አንድም ጎል የለም። ዋናው አሰልጣኝ ጆን ካይሊና አብሮት ይሠራ የነበረው አሰልጣኝ ፖል ኪነርክ ያንን ቡድን ሲሠሩት አማካዮቹና ከጎሉ ራቅ ብለው የሚቆሙት አጥቂዎች ከርቀት እንዲያገቡ አድርገው ነው። አራትና አምስት ነጥብ በዚህ መንገድ ከገባባቸው የአንተም ተጋጣሚዎች ዝም ብለው ማየት አይችሉም። ወጥተው መጫን አለባቸው። ያኔ ከኋላ ቦታ ይከፈታል። ጎሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ታዳጊዎች ግን መጀመሪያ ጎሉን ነው የሚፈልጉት፤ ተመልካቹም ይገፋፋቸዋል።

ወደ ውስጥ የምትላከው ኳስ ደግሞ ሰያፍ ትሁን፣ ዝቅ ያለች ትሁን። ስዊፐሩ የሚቆመው መሃል ላይ ነው፣ ከጎሉ ቀጥታ ፊት ለፊት። ስለዚህ ኳሷ ወደ ጥግ ትሂድ። የጥግ አጥቂው ከመሃል ተነስቶ ወደ መስመሩ ይሮጣል፤ ኳሷ ከፊቱ አራት አምስት ሜትር ላይ መሬት ነክታ ወደ ደረቱ ትነጥርለታለች። ከተከላካዩ ቀድሞ በእጁ ይይዛታል፣ ዞር ይላል፣ ወይ ራሱ ነጥብ ያገባል ወይ ከኋላው ለሚመጣው ይሰጣል። በዚህ ኳስ ላይ ልምምድ ማድረግ ያለበት ተቀባዩ ብቻ አይደለም። ላኪውም ነው። ሐሙስ ማታ ሜዳው ጥግ ላይ አሮጌ የመኪና ጎማ አስቀምጡና ከ60 ሜትር እየመቱ ኳሷ ጎማው አጠገብ እንድትነጥር ይሞክሩ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ከየትኛውም የቃል ስብከት ይሻላል።

የመሃል አጥቂው ምን ያድርግ? እሱ ይህን ጨዋታ ኳስ ሳይነካም ሊያሸንፍላችሁ ይችላል። ስዊፐሩ አጠገብ ይቁም፤ ወደ ግራ ሲሄድ አብሮት ይሂድ። ነጻ ሰው የሚጠላው ነገር ቢኖር አጠገቡ ሰው መኖሩን ነው። የራሱ ጠባቂ ደግሞ ይከተለው አይከተለው ግራ ይገባዋል። ለዚህ ሥራ ጎል ማግባት የሚወድ ልጅ አይመቸኝም፤ ሆዱ ሰፊ የሆነ፣ ለቡድኑ የሚለፋ ልጅ እመርጣለሁ። የተጎዳውን ልጅ ቦታ ለመሙላት እንዲህ ያለ ልጅ ካላችሁ ዓይኔን አላሽም፣ እሱን ነው የማሰልፈው።

አንዳንድ ጊዜ ከፍ ያለች ኳስ መምጣቷ አይቀርም፣ በተለይ ሲጨንቃቸው። ያኔ ከላይ የሚዘል አንድ ሰው በቂ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ አብረው አይዝለሉ፤ ኳሷ ተነካክታ የምትወድቅበትን ይጠብቁ። ገና ስትጫወቱ ታውቀው የለ? ሩሩ ዱላዎቹ መሃል ሲጨናነቅ ጎበዙ ልጅ ከግርግሩ ውስጥ አይገባም፤ ዳር ቆሞ ሩሩ ሲያመልጥ ነው የሚመታው። ያው ነው። ለልጆቹ በዚህ አስረዳቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

ቅጣት ምት መቺው ማን እንደሆነ ሳይወሰን አሰላለፍ አይጻፍ። ከአጥቂዎቹ አንዱ ቦታ የሱ ነው፣ በጨዋታ ደካማ ቢሆን እንኳ። ቲፐራሪ በ2025 ቅጣት ምት መቺውን ዳራ ማካርቲን እንዴት እንደያዘው ተመልከት። በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ በቀይ ወጥቷል፤ አንዱ ጨዋታው ሳይጀመር፣ ሌላው ግማሽ ፍጻሜው ላይ በሁለት ቢጫ። አሰልጣኙ ሊያም ኬሂል ግን ለፍጻሜው አሰለፈው። 1-13 አስቆጠረ። ስዊፐር ያለው ቡድን አጥቂ ሲያልፍበት መያዝና መጎተት ይወዳል፤ እያንዳንዱ ጥፋት ነጥብ መሆን አለበት።

ነፋሱን አትርሱ። ነፋስ ከኋላችሁ ሲሆን ያቺ ወደ ጥግ የምትሄደው ኳስ መስመሩን አልፋ ትወጣለች፤ አሳጥሯት፣ ከርቀት መምታቱንም አብዙት። ከፊታችሁ ሲሆን በእጅ ቅብብልና በሩጫ ውጡ።

ከዋናው አሰልጣኝ ጋር ስትመርጡ ደግሞ ዝም አትበል። አራት ዓመቴ ነው ብለህ አትሸማቀቅ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል የሰማህ ሰው ነህ፤ የመራጮች ክፍልም እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። የእግር ኳስ ዓይንህ ክፍት ቦታ ያያል፤ ከልጅነታቸው ሃርሊ ይዘው ያደጉት ሰዎች አንዳንዴ የሚያዩት ኳሷን ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን ከጨዋታው በፊት ተስማሙ፦ ወደ ውስጥ የላክናቸው ሦስት ኳሶች በተከታታይ ከተወሰዱብን ማን ከየት ወደ የት ይዛወራል? ስም ጠርታችሁ፣ ቁጥር ጽፋችሁ፣ ወረቀቷ ኪስህ ውስጥ ትሁን። ግርግሩ ሲጀመር ማንም በሰከነ ልብ አያስብም።

የመጨረሻው ነገር የተጎዳው ልጅ ነው። አሰላለፉን ዋትስአፕ ግሩፑ ላይ እንዳያየው። ሐሙስ ከልምምድ በኋላ አንተ ራስህ ለብቻው ጥራውና ንገረው። አባቱም ይኑር። ያለቅስ ይሆናል፣ ይልቀቀው። ከዚያ ለእሁድ ሥራ ስጠው። ማሊያውን ለብሶ፣ ሃርሊውን ይዞ አንተ አጠገብ ይቀመጥ። እዚያ ቦታ የተጫወተው እሱ ነው፤ ያ ስዊፐር ኳሷ ከግራ ስትመጣ የት እንደሚቆም፣ ከቀኝ ስትመጣ ምን ያህል እንደሚዘገይ ካንተም ከእኔም በፊት ያየዋል። በየአምስት ደቂቃው ያየውን ይንገርህ፤ አንተ ደግሞ ሜዳ ላሉት ልጆች አድርስላቸው።